የደብሪቱ ሰላምታ

ከጥርባ ወደ እንጅባራ ሲመጡ በግራ በኩል፣ ለከሰል ከሚተከሉት የደከረንስ ዛፎች ጀርባ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ቤቶች አቀበት ላይ ተሰድረዋል። ምንጩ ከታች ነው፤ ቤቶቹ ከላይ ናቸው። ለሌላው ሰው ይህ እግር ከማዛል አልፎ የሚወራ ነገር አይደለም። የደብሪቱ ዕድሜ ግን በዚህች አቀበት ላይ ነው ያለቀው።

ደብሪቱ የእንግዳው ሚስት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆናት ሴት ናት። በመንደሩ የምትታወቀው በሰላምታዋ ነው። ሰው ካገኘች ጀሪካኗን አጥር ላይ ታስደግፍና እንዴት አደራችሁ ብላ ትጀምራለች። ከባል ወደ ልጆች፣ ከልጆች ወደ አማት፣ ካማት ወደ ታመመችው ጊደር፣ ከጊደሯ ደግሞ ዋግ መታው ወደተባለው ገብስ ትሄዳለች። ለአገው ጎረቤቶቿ በአውንጊ ነው፤ ከወደ ደብረ ማርቆስ መጥተው ለሰፈሩት በአማርኛ። ሁለቱንም ለሚያውቅ ሰው አንዴ በአውንጊ ጨርሳ እንደገና በአማርኛ ትጀምረዋለች። በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንዱ ተናጋሪ ነገር ካረዘመ፣ ከኋላ የተቀመጡት ጎረምሶች «ይሄማ የደብሪቱ ሰላምታ ሆነ» ይባባላሉ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ደብሪቱ ትንፋሽ ያጥራት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ገና በልጅነቷ ነው። ከእኩዮቿ ጋር ውኃ ወርዳ ስትመለስ ሌሎቹ እየዘፈኑ ሲወጡ እሷ ግማሽ መንገድ ላይ ትቆማለች። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ይጠባታል፤ ከንፈሯ ይደርቃል፤ ጉልበቷ የሰው ጉልበት ይሆንባታል። እናቷ ከላይ ሆና ታያትና ይቺ ልጅ ሰነፍ ናት፣ ማን ያገባልኛል ትላለች። አንድ ቀን ግን እዚያው የምትቆምበት ቦታ ላይ አንዲት ባልቴት አገኘች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ደኅንነታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ በጎቻቸውን ጠየቀች። ባልቴቲቱ መርቀዋት ሲያበቁ ትንፋሿ ተመልሶ ነበር። እናቷም ማታ ለጎረቤት ስታወራ፣ ልጄ ጨዋ ናት፣ ሰው ታከብራለች አለች። የስምንት ዓመቷ ደብሪቱ የዚያን ቀን አንድ ነገር ተማረች። ቆሞ መተንፈስ ስንፍና ነው፤ ቆሞ ሰላም ማለት ግን ጨዋነት።

ትምህርቷንም ሦስተኛ ክፍል ላይ የተወችው ትምህርት ቤቱ ጉብታ ላይ ስለነበረ ነው። ሁልጊዜ አርፍዳ ትደርሳለች፤ አርፍዳ ስትደርስ ትገረፋለች። አባቷ መገረፏን ሳይሆን ማርፈዷን ሰማና በቃ ቤት ትዋል አለ። ዋለች።

ተድራም ወደዚህ አቀበት መጣች። እዚህም ሰላምታዋን ይዛ ነው የመጣችው። ከጊዜ ብዛት ግን ለምን እንደምትቆም እሷም ረሳችው። ቢጠይቋት ሰው እወዳለሁ ነበር የምትለው፤ ደግሞም ትወዳለች። ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስለ ሰው ጊደርና ስለ ሰው ልጅ የጠየቀች ሴት ሰውን ሳትወድ አትቀርም። ከምንጩ እስከ ቤቷ ስምንት መቆሚያ አላት፤ በየመቆሚያው ማን በስንት ሰዓት ደጅ እንደሚወጣ ታውቃለች። ውኃ የምትወርደውም በዚያ ልክ ነው። ማልዳ አትወርድም። ማልዳ ሰው የለም።

ይህን ያየች ውቢት ናት። ውቢት የእንግዳው ታላቅ እኅት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከወንድሟ ቤት አጠገብ ነው የምትኖረው። ሥራ ወዳድ ናት፣ ምላሷም አይዛልም። ሌላው ሴት ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ሲጨርስ ደብሪቱ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትወርድ እያየች፣ ወንድሜ ያገባው የቤት እመቤት ነው ወይስ የመንደር ጠያቂ ትላለች። በድንች ቁፈራ ወንፈል ላይ ደብሪቱ ዶማዋን ተደግፋ መንገደኛ ሰላም ስትል ካገኘቻትማ አትለቃትም።

«አንቺ፣ መንገደኛውን ተይውና ድንቹን ሰላም በይው» ትላታለች። «እሱም እኮ ዓመቱን ሙሉ መሬት ውስጥ ብቻውን ነው የከረመ።»

ሴቱ ሁሉ ይስቃል። ደብሪቱም ትስቃለች፤ ሳቅም ትንሽ ያሳርፋል። ወንፈል ግን የጉልበት ልውውጥ ነው። የሷ ተራ ሲደርስ የሚመጡት ሴቶች እያነሱ ሄዱ። ማንም በክፉ ቃል አልተናገራትም፤ አንዷ ልጇ ታሞባት፣ አንዷ ዳንግላ ገበያ ሄዳ፣ አንዷ ረስታው ነው። ደብሪቱ የገባት አልመሰለችም። የቀረውን ድንቿን ከእንግዳው ጋር ሁለት ሆነው ቆፈሩት።

ከስምንቱ መቆሚያ ሦስተኛው የእማማ ወርቅአየሁ በር ነው። እማማ ወርቅአየሁ ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ጠዋት ልጃቸው አውጥታ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ታስቀምጣቸዋለች፤ ጥላ እስኪመጣ እዚያ ናቸው። የመንደሩን ወሬ የሚሰሙት ከደብሪቱ ነው። ማን ወለደ፣ የማን በሬ ወደቀ፣ ጫግኒ የሄደው የነእገሌ ልጅ ተመለሰ ወይ፤ ይህን ሁሉ በሰላምታ መልክ ታደርስላቸዋለች። አንዳንዴ የምትነግራቸው አዲስ ነገር ሲጠፋ የትናንቱን ትደግምላቸዋለች፤ እሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ይሰማሉ።

ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ቢሻው ሞቱ። በቀብሩ ቀን ወንዱም ሴቱም ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ደብሪቱ ለለቅሶ ቤቱ ውኃ እንድታደርስ ተመድባ ቀረች። ጀሪካኗን ሞልታ፣ በገመድ ጀርባዋ ላይ አጥብቃ፣ አቀበቱን ጀመረች።

መንገዱ ባዶ ነበር። የመጀመሪያው መቆሚያ፣ ግራጫው ድንጋይ ጋ፣ ማንም የለም። ሁለተኛው ላይ በሩ በውጭ ታስሯል። እማማ ወርቅአየሁ በር ስትደርስ ድንጋዩ ባዶ ነው፤ እሳቸውንም ደግፈው ወስደዋቸዋል። እንደ ልማዷ ቤቶች ብላ ተጣራች፤ ከውስጥ አንዲት ዶሮ ብቻ መለሰችላት። መቀመጥ ትችል ነበር፤ የሚያያት ሰው እንኳ አልነበረም። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ውኃ እየተጠበቀ መንገድ ላይ ቁጭ ማለት በሕይወቷ ያላደረገችው ነገር ነው፤ እንዴት እንደሚደረግም አታውቅም። ቆማ የምታወራው ሰው ሳይኖር እንዴት ይቆማል? ስለዚህ ወጣች። አራተኛውን አለፈች፤ አምስተኛውን አለፈች። ቢሳናው ዛፍ ጋ ስትደርስ ጆሮዋ ውስጥ ወንዝ የሞላ መሰላት። ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቅም።

ያገኘቻት ውቢት ናት። ውኃው ዘገየ ተብሎ፣ በዚህች በለቅሶ ቀን እንኳ ማንን አቁማ ይሆን እያለች ልትቆጣት ስትወርድ፣ ደብሪቱን ቢሳናው ሥር በግንባሯ ተደፍታ፣ ጀሪካኑን ከታች ቦይ ውስጥ ተገልብጦ አየችው። ውቢት በዚያ ቀን አልተሳደበችም።

በማግስቱ በባጃጅ እንጅባራ ይዘዋት ሄዱ። የመረመራት ጤና መኮንን አስማረ የሚባል ዝምተኛ ወጣት ነው። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። በግራ በኩል ወደ ላይ አንቀሳቀሰው፤ እዚያ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ልቧ ውስጥ የሚያፏጭ ድምፅ እንዳለ፣ ከልደት የመጣ የልብ በር ችግር ሊሆን እንደሚችል፣ ባሕር ዳር ሄዳ በመሣሪያ መታየት እንዳለባት ነገራቸው።

«ፉጨት?» አለች ውቢት። «ልቧም ሰው አግኝቶ ሰላም እያለ ይሆናል።»

አስማረ ፈገግ አለና የመላኪያውን ወረቀት ጻፈ።

ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ አምስት ወር ተቀመጠ። አንዴ መንገድ ተዘጋ፤ ሲከፈት ዘር ደረሰ፤ ዘር ሲያልቅ እንደገና ተዘጋ። በመጨረሻ እንግዳው ማሳውን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ ውቢት አብራት ሄደች። ሚኒባሱ ውስጥ ደብሪቱ ዳንግላ እስኪደርሱ ከፊትም ከኋላም ያሉትን ተሳፋሪዎች ሁሉ ሰላም ብላ፣ የማን ዘመድ እንደሆኑ ጠይቃ ጨርሳ ነበር። ተቀምጣ ስታወራ ምንም አይላትም።

ባሕር ዳር ያየቻት የልብ ሐኪም ዶክተር ሶስና ትባላለች። ደብሪቱን በጎኗ አስተኝታ ቀዝቃዛ ቅባት ደረቷ ላይ ቀባችና መሣሪያውን እያንሸራተተች ስክሪኑን ተመለከተች። ከዚያ አስነስታ ወረቀት ላይ ሣለችላት። ልብ ያገለገለውን ደም ወደ ሳንባ የሚልክበት አንድ በር አለው አለች። በሩ እንደ ቅጠል ስስ የሆኑ ሦስት መዝጊያዎች አሉት፤ ልብ በመታ ቁጥር ይከፈታሉ፣ ተመልሰው ይዘጋሉ። የደብሪቱ መዝጊያዎች ጠርዝና ጠርዛቸው ተጣብቆ ነው የተወለደችው። በሩ ይከፈታል፤ ግን እኩል እንኳ አይከፈትም። ልቧ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ደሙን ለማሳለፍ ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ ግድግዳው ወፍሯል። ቁጭ ስትል የሚበቃት ደም ያልፋል፤ አቀበት ስትወጣ ወይም ስትሸከም ግን ሰውነቷ የሚፈልገው ያህል አያልፍም።

ደብሪቱ ሥዕሉን አየች። በጎች ማታ በጠባቡ የጋጣ በር ሲገቡ የሚጋፉት መጣባት። ከኋላ ያሉት የፊቶቹን ይገፋሉ፤ መግፋታቸው ግን በሩን አያሰፋውም።

«በድግምት አይደለም?» ብላ ጠየቀች።

«አይደለም። ሲፈጥርሽ ነው። አንቺም እናትሽም ያጠፋችሁት ነገር የለም።»

ቀጥላ ዶክተሯ ዋናውን ነገር ነገረቻቸው። የበሩ ጥበት በመለኪያ ሲታይ መካከል ላይ ነው። በጣም ጠባብ ቢሆን ኖሮ ምንም ሳትጠይቅ እንዲሠራላት ትልካት ነበር፤ ትንሽ ቢሆን ደግሞ ዝም ብላ ታሰናብታት ነበር። መካከል ላይ ያለ ሰው የሚለየው በስሜቱ ነው። ምንም የማይሰማው ከሆነ በየዓመቱ እየታየ ይኖራል። የሚደክመውና ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን አዲስ አበባ ተልኮ በሩ ይከፈትለታል፤ ደረት አይቀደድም። በጭኑ በኩል ባለው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ልቡ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ፊኛ በሩ ውስጥ ተነፍታ የተጣበቀውን ታላቅቃለች። የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለሆነ የማያስፈልገውን ሰው ተራ ማስያዝ አይቻልም። ስለዚህ እውነቱን ንገሪኝ አለቻት።

«አቀበት ስትወጪ ይደክምሻል?»

«ኧረ አይደክመኝም።»

«መንገድ ላይ ቆመሽ ታርፊያለሽ?»

«አላርፍም። ሰው ሳገኝ ሰላም ለማለት እቆማለሁ እንጂ።»

ዶክተሯ ፈገግ ብላ ጻፈች። ስለ መውደቋም ጠየቀቻት። የለቅሶ ቀን ነበር፣ እህል ባፌ አልዞረም ነበር፤ ስለዚህ ነው አለች። ለደብሪቱ የምትዋሽ አልመሰላትም። ደከመኝ የሚለውን ቃል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትሸሸው ኖራለች፤ አሁን አንዲት የተማረች ሴት በነጭ ካፖርት ፊቷ ተቀምጣ ስትጠራው እንደ ስድብ ነው የሰማችው። ዶክተሯ ወደ ውቢት ዞረች። ውቢትም አስባ፣ በክፉ ልብ ሳይሆን፣ የምታውቀውን መሰከረች። ጤነኛ ናት፣ ሥራ ላይ ትንሽ ሰነፍ ናት እንጂ አለች።

ዶክተር ሶስና ወረቀቱ ላይ ምልክት የለም፣ በዓመት ትመለስ ብላ ጻፈች። ብዕሯን ልታስቀምጥ ስትል ስክሪኑ ላይ የቀረውን ምስል እንደገና አየችው። የልብሽ ግድግዳ የሚለውና አንቺ የምትዪው አልተስማማልኝም አለች። ነርሷን ሲስተር ማስተዋልን ጠርታ፣ ይቺን ሴት ለስድስት ደቂቃ ኮሪደሩ ላይ አስኪጃት አለቻት።

ኮሪደሩ ረጅም ነው። በሁለቱም በኩል አግዳሚ ላይ በሽተኞች ተቀምጠዋል። ሲስተር ማስተዋል ሰዓቷን በስልኳ ያዘችና፣ ሳትሮጪ፣ የቻልሽውን ያህል ፈጠን እያልሽ ተመላለሺ አለቻት። ደብሪቱ ጫማዋን አስተካክላ ጀመረች። አንድ ጊዜ ደርሳ ተመለሰች። ሁለተኛውን ስትጀምር እርምጃዋ ቀነሰ፤ ዓይኗ ወደ አግዳሚው ሄደ። አንድ ሽማግሌ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

«እንዴት አደሩ አባቴ?» አለች ቆማ። «ከወዴት ነው የመጡት?»

ከጫግኒ ነው አሉ። ጫግኒ ዝናቡ እንዴት ነው፣ በቆሎው በቀለ ወይ፣ ልጆች አሏቸው ወይ፣ ማን ይዟቸው መጣ። ሽማግሌው ደስ አላቸው፤ መልሰው ጠየቋት። ሲስተር ማስተዋል ሳቀችና መጥታ ክንዷን ያዘች።

«እናቴ፣ ሰላምታው ይቆይ። ዝም ብለሽ ተራመጂ።»

«ነውር አይደለም? ሰው ተቀምጦ እያዩ ማለፍ?»

«ዛሬ ለስድስት ደቂቃ ነውር አይደለም። ነውሩን እኔ ልሸከመው።»

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ደብሪቱ አንገቷን ደፍታ ሄደች። በግራ ሰው አለ፣ በቀኝ ሰው አለ፤ አንዱንም እንዳታይ መሬቱን ታያለች። አንድ ጊዜ ደርሳ ተመለሰች። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ደረቷ ያችን የምታውቃትን ጥበት አመጣባት። የለቅሶውን ቀን ባዶ መንገድ አስታወሰች፤ በውጭ የታሰረውን በር፣ ባዶውን ድንጋይ። አራተኛውን ስትጀምር ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። እጇ ግድግዳውን ፈለገ። ውቢት ከአግዳሚው ተነሥታ ቆመች። ደብሪቱ ወደ ሽማግሌው አየች፤ እንዴት አደሩ ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ለዚያም የሚበቃ ትንፋሽ አልነበራትም። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዶክተር ሶስና በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር። መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች፤ ጣቷን የእጇ አንጓ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«ምን ተሰማሽ?»

ደብሪቱ መልስ ፈለገች። እህል አልቀመስኩም እንዳትል ጠዋት ቂጣ በልታለች። ሰው አገኘሁ እንዳትል ሰላም እንዳትይ ተብላለች። ሌላ ምንም አልቀራትም።

«ደከመኝ» አለች።

ብላም አለቀሰች። ብዙ አይደለም፤ ቁጭት እንጂ ሕመም ያለበት ልቅሶ አልነበረም። ዶክተሯ ከመቼ ጀምሮ ብላ ስትጠይቃት ግን ደብሪቱ አልዘገየችም። ስምንቱንም መቆሚያ፣ ግራጫውን ድንጋይ፣ የእማማ ወርቅአየሁን በር፣ ቢሳናውን አንድ በአንድ ነገረቻት። ዶክተሯ ወደ ክፍሏ ገብታ ቅድም የጻፈችውን ሰርዛ ሌላ ጻፈች።

መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባስ ሲጠብቁ ውቢት ነጠላዋን አጣጥፋ መቀመጫው ላይ አነጠፈችላት። በኋላ ዳንግላን ሲያልፉ፣ መስኮቱን እያየች፣ እኔ እኮ ሰው ወዳድ መስለሽኝ ነበር አለች። ሰነፍ እንዳልሽኝ ነው የማውቀው አለቻት ደብሪቱ። ውቢትም ሁለቱንም ብያለሁ አለች። ከዚህ ሌላ ይቅርታ የሚባል ነገር በመካከላቸው አልተነገረም። ወንፈል የቀሩባትም ሴቶች፣ የገረፋትም መምህር፣ ቤት ትዋል ያለው አባቷም ይቅርታ አልጠየቋትም፤ ግማሾቹ ሞተዋል። ደብሪቱም አልጠበቀች። ይህ ዓይነት ነገር ለማን ይመለሳል?

ተራው በስምንት ወሩ ደረሰ። እስከዚያ የተሰጣትን ክኒንና ምክር ያዘች። ከባድ አትሸከምም፤ ውኃውን ልጆቿና ውቢት ተከፋፈሉት። እግሯ ሲያብጥ ለሐኪም ታሳያለች። ጥርሷን ሁለቴ ታጸዳለች፤ ከጥርስ የሚነሳ ቁስል ወደ ልብ ሊሄድ ስለሚችል ጥርሷን በመንደር አታስነቅልም፤ የትም ሐኪም ዘንድ ብትሄድ አስቀድማ ልቤ በሩ ጠባብ ነው ትላለች። ጸበል እንድትጠመቅ ቄሱም ዶክተሯም አልከለከሏትም፤ ክኒኑን ግን አታቋርጪ ብለዋታል፤ አላቋረጠችም። አዲስ አበባ ከእንግዳው ጋር ሄደች። ስለዚያ ብዙ አታወራም። ጭኔ ላይ ትንሽ ወጋ ተደረግሁ፣ ተኛሁ፣ ስነቃ አለቀ ተባልሁ ትላለች። ፊኛዋ በሩን ከፍታዋለች። ነገር ግን የተላቀቁት መዝጊያዎች እንደ ጤነኛ ሰው መዝጊያዎች በደንብ አይገጥሙም፤ ጥቂት ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ለጊዜው አያስጨንቅም ተብላለች፤ ግን በየዓመቱ መታየት አለባት፣ ዕድሜዋን ሙሉ። ዳንሽ ሳይሆን ተሻለሽ ነው ያሏት። እሷም ይሄን ቃል እንዳለ ተቀበለችው።

ተመልሳ ወር ያህል ካረፈች በኋላ አንድ ማለዳ ትንሿን ጀሪካን ይዛ ምንጭ ወረደች። ማልዳ ስትወርድ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ጭጋጉ ገና ከደከረንሱ ላይ አልተነሳም። ሞልታ ተሸከመችና አቀበቱን ያዘች። ግራጫው ድንጋይ ጋ ስትደርስ የደረቷን ጥበት ጠበቀችው፤ አልመጣም። ሁለተኛው ላይም አልመጣም። እንደ ሞኝ ደስ አላትና ቤቷ እስክትደርስ ሳትቆም ወጣች። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ሰው ብታገኝ ደኅና አደራችሁ ትልና ታልፋለች፤ እግሯ ራሱ አይቆምላትም።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬ ወጣ። ደብሪቱ አዲስ አበባ ደርሳ መጣች፣ ኮራች ተባለ። ልቧን ሲከፍቱት ሰው የምትወድበትን ነገር አውጥተውት ነው የሚልም አልጠፋ። ውቢት ይህን ያለችውን ሴት ምንጭ ላይ አግኝታ የምትለውን አለቻት፤ እሱ እዚህ አይጻፍም። ማታ ግን ወንድሟ ቤት ገብታ ደብሪቱን ሌላ ነገር ጠየቀቻት።

«እማማ ወርቅአየሁን አላየሻቸውም እንዴ?»

በየቀኑ በበራቸው እንደምታልፍ፣ ማልዳ ስለሆነ ግን ገና ደጅ እንደማይወጡ ነገረቻት።

«ደብሪቱ ከአዲስ አበባ አልተመለሰችም ወይ ብለው ጠየቁኝ» አለች ውቢት። «ድምጿን አልሰማሁም፣ ሞታ ከሆነ አትደብቁኝ አሉኝ።»

በማግስቱ ደብሪቱ ማልዳ አልወረደችም። ፀሐይ ሞቆ፣ ጥላ ወደ አጥሩ ሥር እስኪገባ ቆይታ እንደ ድሮዋ ወረደች። ስትመለስ እማማ ወርቅአየሁ ድንጋያቸው ላይ ነበሩ። የእግሯን ኮቴ ሰምተው አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ማን እንደሆነች ግን አላወቁም። ይህ አካሄድ ፈጣን ነው። የሚያውቁት የደብሪቱ አካሄድ ሦስት ተራምዶ የሚጎተት ነበር።

ጀሪካኑን አጥሩ ላይ አስደገፈች። እንዴት ዋሉ አለች በአውንጊ። እማማ ወርቅአየሁ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ፈለጉ፤ ጉንጯን ዳበሱ፤ ጣታቸውን አፏ አጠገብ አቆሙ፤ ትንፋሿን የሚጠብቁ ይመስላል። ከዚያም ልጆቿን፣ እንግዳውን፣ አዲስ አበባን ጠየቁ። ደብሪቱ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ፊኛዋም ጭምር። የፊኛዋን ነገር አላመኑም።

«እና ዛሬም እንደ ድሮሽ ደከመሽ?» አሉ። ሲያውቁት የኖሩ መሆናቸው ያን ጊዜ ነው የገባት።

«ዛሬስ አልደከመኝም እማማ። እርስዎን ብዬ ነው የቆምኩት።»

እማማ ወርቅአየሁ ፈቀቅ ብለው በድንጋዩ ላይ ቦታ አበጁላት። ደብሪቱ ጀሪካኑን አውርዳ ተቀመጠች። ከዚያም ያው ሰላምታ በአማርኛ ደግሞ ተጀመረ።